ፊቴ የሚደርስበት መስመር

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዜማ፣

ይህን ወረቀት እሌኒ የምትሰጥሽ መርዶውን ከሰማሽ በኋላ ነው። አስቀድማ እንዳትሰጥሽ በክብራን ገብርኤል አስምያታለሁ። ስለዚህ ይህን ስታነቢ ወንድምሽ ሀዲስ ማረፉን ታውቂያለሽ። እሌኒና እዚያ ሃይደራባድ ያሉት ያገራችን ልጆች በማለዳ መጥተው፣ አስቀምጠው ነግረውሻል፤ አሁንም አጠገብሽ ናቸው። እጅሽን የያዘሽ ሰው ካለ አትልቀቂው፤ ወረቀት በአንድ እጅም ይነበባል።

እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም። እኔ እንደሆንሁት ነሽ።

ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ። በመሠረተ ትምህርት የተማርሁት ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስቀጠር ለመፈረም በቃኝ እንጂ ለደብዳቤ አልሠለጠነም። ቀስ እያልሁ ነው የምጽፍ፤ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ሐምሌ ሲገባ ነው የሆነው። ሰኞ ከሚያስተምርበት ኮሌጅ ሲመለስ ራሴን አለ። ማክሰኞ ትኩሳቱ በረታና ሐኪም ቤት አስገባነው። ሐኪሞቹ ያልሞከሩት የለም። ሐሙስ ንጋት ላይ እጄን እንደያዘ ሄደ። የመጨረሻ ቃሉ ውኃ ስጡኝ ነበር፤ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ትልቅ ነገር ተናግሮ ሞተ ብዬ አላሳምርልሽም። ከአባትሽ አጠገብ ነው የቀበርነው።

ለምን ሳይነገርሽ ቆየ ብትይ፣ ገና አስከሬኑ ሳይወጣ አጎትሽ ጋሼ ገድሉ ዘመዱን ሰብስበው፣ ለዜማ አይነገርም አሉ። መርዶ በሰው አገር፣ ደጋፊ በሌለበት አይነገርም፤ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመጣ፣ እዚሁ ቤቷ፣ ሰው ተሰብስቦ ያረዳታል አሉ። ደንቡን አልንቀውም። አባቶቻችን ያወጡት ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ ብለው ነው። ጋሼ ገድሉ ደግሞ የያዙትን የማይለቁ ሰው ናቸውና፣ በየወዳጁ ቤት እየዞሩ ፌስቡክ ላይ ማንም ፎቶውን እንዳያወጣ አስማሉ። የባሕር ዳር ወጣት አንድ ወሬ ይዞ ይህን ያህል ሲቆይ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ለእኔም የምለውን ሰጡኝ። ሀዲስ ለመስክ ሥራ ወጥቷል፣ ያለበት አገር ኔትወርክ የለም፣ የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል በዪ አሉኝ። እንዳሉኝ አልሁ። ድምፄን እያሳመርሁ ሳወራሽ፣ ቤቱ ውስጥ ያሉት ኀዘንተኞች ትንፋሻቸውን ይዘው ይቀመጡ ነበር።

መስከረም ላይ ደወልሽና፣ «እማ፣ ሀዲስ ተቀይሞኝ ነው?» አልሽኝ።

ለልደቱ መልእክት ልኬ አላየልኝም፣ ምን አጠፋሁ አልሽ። ስታስቢ እንዳደርሽ ከድምፅሽ አወቅሁ። በጸሎት አስቢልኝ፣ ልቡን ያራራልኝ አልሽ። ስልኩን ስዘጋ በቃኝ። ልጄ መሞቱ ሳያንሰው አኩራፊ አናሰኘውም። ወንድምሽ አልተቀየመሽም፣ ዜማ። በሕይወቱ ማንንም አኩርፎ ማደር አይችልበትም ነበር፤ በልጅነታችሁ እንኳ ስትጣሉ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው።

ያን ሰሞን ቤት እየለቀቅን ነበር። የፋሲሎው ቤት የኮሌጁ ነው፤ ለሀዲስ ሥራ ብለው የሰጡን ስለሆነ ለሌላ መምህር ሊሰጥ ግድ ነው። ክፉ አልተናገሩንም። እሌኒ ለእረፍት መጥታ ልቅሶ ስትደርስ ይህን ሰምታ ለአባቷ ለመሪጌታ ፅጌ ማርያም ነገረቻቸውና፣ እሳቸው ዓባይ ማዶ ካለው ግቢያቸው ሁለት ክፍል ሰጡኝ። ዕቃውን በባጃጅ እያመላለስን አሻገርነው። ዋይፋዩ ግን በሀዲስ ስም የገባ ነበርና ከቤቱ ጋር ቀረ።

ጋሼ ገድሉ በዚህ ደስ አላቸው። «ይኸው እግዜር ረዳን» አሉኝ። «አዲሱ ቤት መስመር የለውም በያት። እውነት ስለሆነ ኀጢአትም የለበትም።»

እሌኒ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ወደ እኔ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «እትዬ አገርነሽ፣ እኔና ዜማ ምሳ የምንበላው አብረን ነው። ፊቷን እያየሁ ምን እላለሁ?» አለችኝ። እሷንም አስምለዋት ኖሯል።

«እውነቱን ትነግሪያታለሽ» አልኋት። «ብቻሽን አይደለም፤ ሰው ሰብስበሽ፣ በማለዳ፣ እንደ ደንቡ። እኔ መስመሩን አስገባለሁ።»

መርዶ የሰማ ሰው እናቱ አንገት ላይ ነው የሚወድቅ። አንገቴ ሃይደራባድ አይደርስም። እንግዲያው ፊቴ ይድረስ ብዬ ተነሣሁ።

ጋሼ ገድሉ ሐሳቤን ሲሰሙ ብቻዬን አልለቅ ብለው ተከተሉኝ። መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ኢንተርኔት የሚያመጣ ትንሽ ሳጥን ነው የሚሸጡት። ልጁ፣ «ማዘር፣ ይቺን ሶኬት ላይ መሰካት ብቻ ነው። ገመድ የለ፣ ቁፋሮ የለ፣ ዛሬውኑ ይጠቀማሉ» አለኝ። ጋሼ ገድሉ ወዲያው፣ ይህች ናት የምትሻል፣ ከፓኬጁም ትንሿን ስጣት፣ አንዲት አሮጊት ምን ትሠራበታለች አሉ። እኔ ሳላየው አልገዛም አልሁ። ልጁም ደግ ነው፤ ለሙከራ ይዞልን መጣ።

የመሪጌታ ግቢ ዝቅ ያለ ነው፤ ከላይ ባሕር ዛፍ ጋርዶታል። እሌኒ አስፋልቱ ዳር ወጥታ በቪዲዮ ደወለችልኝ። እኔ እሷን እንደ መስተዋት አየኋት። እሷ ግን፣ «እትዬ፣ አገጭዎ መጥቷል፣ ዓይንዎ ግን የለም» ትለኛለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ዓይኔ መጣ፣ አፌ ቀረ። ጋሼ ገድሉ፣ ድምፁ ከተሰማ ምን ጎደለ አሉ። ድምፄንማ ሐምሌን ሙሉ ሰምታው የለም ወይ አልኋቸውና ሳጥኑን መለስሁ።

ሁለተኛው ቢሮ ያለችው ሀኒ የምትባል ልጅ ናት። ጥፍሯ ረዥም ነው፤ ኮምፒዩተሩን በእርሳስ ጫፍ ነው የምትነካው። ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይጠቀማል፣ ለፊልም ነው ወይስ ለኳስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ለልቅሶ ነው» አልኋት።

ሳቅ መጣባት፤ ቀና ብላ ጥቁሬን ስታይ ግን ዋጠችው። ነገርኋት። ልጄ ሩቅ አገር ናት፣ ወንድሟ ሞቷል፣ አብረን ማልቀስ አለብን፣ እሷ እኔን ልታየኝ ይገባል፣ እንደዚያኛው አገጭና ዓይኔን እየለያየ የሚወስድ አልፈልግም አልሁ። ልጅቱ እርሳሷን አስቀመጠች። ከዚያ አስረዳችኝ። ወደ ቤት የሚመጣ አለ፣ ከቤት የሚሄድ አለ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለሚመጣው ፍጥነት ነው፣ ፊልሙ እንዲመጣለት። እኔን የቸገረኝ የሚሄደው ነው። ያኛው ሳጥን እኛ ግቢ ላይ የሚሄደው ይቀጥንበታል። እነሱ በምሰሶ የሚስቡት የፋይበር መስመር ግን መምጫውም መሄጃውም እኩል ነው አለችኝ።

«እንግዲያው የሚሄደውን ስጪኝ» አልሁ። «እኔ እሷን ባያት ምን ይረባል? የምትፈልገኝ እሷ ናት።»

ሀኒ ግን አላታለለችኝም። የሚሻለኝን ስትነግረኝ የሚከብደኝንም አብራ ነገረችኝ። ግድግዳ ይበሳል፣ ያከራይ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ውሉም የሁለት ዓመት ነው። ጋሼ ገድሉ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ።

«አገርነሽ፣ የኀዘን ቤት የሁለት ዓመት ውል አይዋዋልም። ሙት ዓመቱ እንኳ አልወጣ!»

«ሙት ዓመቱ ሲወጣም እናቷ ነኝ» አልኋቸው። «ሁለት ዓመት መኖር ካለብኝ እኖራለሁ።»

ፈረምሁ። ከፓኬጁም ያልተገደበውን መረጥሁ። የሚቆጥረውን የያዝሁ እንደሆነ፣ ልቅሶው ሳይወጣልን አለቀ ይለናል። ልቅሶ ደግሞ ልክ ተሰጥቶት አያውቅም።

መንገድ ላይ ጋሼ ገድሉ፣ አንዱን ቀብረሽ ሌላዋን በገዛ እጅሽ ልትገዪ ነው አሉኝ። የሚጎዳኝን ቃል ፈልገው ነው ያገኙት። ወደ ገበያ ታጠፍሁ። እሳቸው ግን አልተዉም፤ እኔ ገበያ ስዘገይ ቀድመውኝ መሪጌታ ዘንድ ደርሰው፣ ግድግዳዎን አያስበሱ፣ ጭቃ ነው ይናዳል እያሉ ሲለምኑ አገኘኋቸው።

መሪጌታ ከተማሪዎቻቸው ተነሥተው መጡ። «ገድሉ፣ ለግድግዳዬ ማሰብ የጀመርኸው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ።

ጋሼ ገድሉ ነገሩን ሁሉ አወጡት። ልጅቱ ብቻዋን ናት፣ ብትሰማ ትሞታለች፣ ደንብ ይጠበቅ አሉ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ ዜማ ስለ ወንድሟ ምን ትላለች ብለው ጠየቁኝ። ልቡን እንዲያራራላት በጸሎት አስቡልኝ ትላለች፣ እዚያም ቤተ ክርስቲያን ስሙን ታስጠራለች አልሁ።

«ተመልከት እንግዲህ» አሉ ለጋሼ ገድሉ። «እሷ ወንድሟን ከሕያዋን ጋር ታስጠራለች። እኔ እዚህ ከሙታን ጋር እጠራዋለሁ። አንድ መንበር ፊት ነው የምንቆመው። እግዚአብሔር ማንኛችንን ይስማ? ልጁን ከእህቱ ጸሎት አትከልክለው። ግድግዳው ይበሳ።»

ጋሼ ገድሉ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ብቻዋን ናትኮ» አሉ ደግመው፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ነበር። ሀዲስ ከሞተ ወዲህ ሳያለቅሱ የቆዩ ሰው ናቸው። ሰው ሲያላቅሱ፣ ድንኳን ሲያስጥሉ፣ አንቺን ሲሸሽጉ ነው የከረሙት። ያን ዕለትም አላለቀሱም። ባርኔጣቸውን አንሥተው ሄዱ። ክፉ አይደሉም፣ ዜማ። ስታገኚያቸው እንዳትቆጪያቸው፤ መቆጣቱን እኔ ጨርሼዋለሁ።

ሠራተኞቹ ትናንት መሰላላቸውን ይዘው መጡ። ከምሰሶው ስበው፣ በዛፉ ሥር አሳልፈው፣ ግድግዳውን በስተው አስገቡት። የመሪጌታ ተማሪዎች ቅኔያቸውን ትተው ቆመው ሲያዩ ዋሉ። አቧራው ገና ከአልጋዬ አልተራገፈም። ሠራተኞቹ ሲሄዱ ከእሌኒ ጋር ሞከርነው። አገጬም ዓይኔም አንድ ላይ ደረሱ።

ስልኩ ላይ ያየኋትን ሴት አስቀድሜ ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ። ፀጉሬን ተላጭቻለሁ። ጉንጮቼ ላይ የቧጠጥሁት አለ፤ እየዳነ ነው። ከስቻለሁ፣ ግን እበላለሁ። ጋሼ ገድሉ ዛሬ ጠዋት ሰው ልከው፣ እንግዲህ ካላችሁ ቢያንስ ጥቁሩን አውልቃ ነጭ ነጠላ ትልበስ፣ ሻሽ ትሰር ብለዋል። አላወልቅም። ሻሽም አላስርም። አራት ወር ለአንቺ ተሸፋፍኜልሻለሁ፤ ከእንግዲህ ልጁ የሞተባትን እናትሽን ታያለሽ።

ለራውተሩ ትንሽ ባትሪ አስገዝቻለሁ፣ መብራት ቢሄድም እንዲቆይ። እንዲያም ሆኖ ፊቴ ድንገት ቢጠፋብሽ መብራቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ጠብቂኝ፣ እመለሳለሁ።

ትምህርቱን ጥለሽ ነይ አልልሽም፤ እዚያው ቅሪም አልልሽም። አልቅሰን ስናበቃ አብረን እንመክራለን። አሁን ከአንቺ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ስሙን ከዛሬ ጀምሮ ከሙታን ጋር አስጠሪው። ደግሞም፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልሽ የምትተኚውን መኝታ ተዪ። አላጠፋሽም። የላክሽውን የልደት መልእክት ከስልኩ ከፍቼ እኔ አነበብሁለት፣ መቃብሩ ላይ ቆሜ።

ጋሼ ገድሉ ስትደውዪ አልገኝም ብለዋል። እንደወደዱ። እኔ ግን ከንጋት ጀምሬ ስልኩን ፊቴ አድርጌ እቀመጣለሁ። መሪጌታና ጎረቤቶቹም አብረውኝ ናቸው፤ ወግ ነውና ሰው አይጎድልብንም።

ክብራን ገብርኤል ከዚህ ሐይቅ ላይ ሆኖ እዚያ ድረስ ይይሽ። ያጽናሽ፤ የምታለቅሺበትንም ጉልበት ይስጥሽ። እሌኒን ስለ እኔ ሳሚያት፤ ከባዱን ተሸክማ ነው የሄደችው።

አሁን ደውዪ። ፊትሽን ሳትታጠቢ፣ ፀጉርሽን ሳታበጥሪ፣ እንዳለሽ ደውዪ። መናገር ቢያቅትሽ አትናገሪ። እኔ እንደሆንሁ ስልኩን አልዘጋም።

የሀዲስና የዜማ እናት፣
አገርነሽ