ባዶ ክፍል ውስጥ የተገኘው ካውያ

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን
ከአክስትህ ቤት

ለልጄ፣

እንዴት ከረምክ? እኔ አለሁ፤ ይህም መኖር ከተባለ። ቤታችን ከተቃጠለ ሰባት ሳምንት ሆነው። አክስትህ ጓዳዋን ለቅቃልኛለች። በየጠዋቱ «እህት ዓለም፣ ዛሬስ ከኢንሹራንስ ምን ተሰማ?» ትለኛለች። መቼ ትወጪልኛለሽ ማለቷ ነው።

ኢንሹራንሱ አልከፍልም ብሏል። መርማሪው ሦስት ጊዜ መጣ። ካንተ የሚያንስ ልጅ ነው፤ ጫማውን ጥቀርሻ እንዳይነካው እየዘለለ ይራመዳል። እሳቱ የተነሣው ካንተ ክፍል ነው አለኝ። አልጋህ ላይ የቀለጠ ካውያ አገኘ።

«እማማ፣ እዚህ ማነው የሚተኛው?»

«ልጄ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ የተኛው መቼ ነው?»

«ዘጠኝ ዓመት ሆነው።»

«ታዲያ ካውያ እዚህ ምን ይሠራል?»

«እሱን ካውያውን ጠይቀው» አልኩት።

አልሳቀም። ሆን ተብሎ የተቃጠለ ነው ብሎ ጻፈ።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። አንተ ግን ደውለህ «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺ ነሽ?» አልከኝ። ያን ዕለት መስመሩ አልተቋረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

እንግዲህ ስማ። ደብዳቤህን ጎረቤት እንዳያነብልኝ ብዬ በስድሳ ዓመቴ የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። በገዛ ዓይኔ መጀመሪያ ያነበብኩት «በቅርብ እመጣለሁ» ያልከውን ነው። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው አንሶላዎችህን አጥቤ አልጋህ ላይ ዘርግቼ እተኩስ ነበር። ያን ቅዳሜ በር ተንኳኳ። አንተ መሰልከኝ። ካውያውን እንደተሰካ ትቼ ሮጥኩ። ቆጣሪ አንባቢው ነበር። በሩ ላይ አቁሜ አዋራሁት፣ እንዳይሄድብኝ ወሬ ጨመርኩለት፤ ሰው ካዋራሁ ቆይቼ ነበር። ጭሱን ያየው እሱ ነው። ቢጠይቁት ይመሰክራል።

ይህን ለዚያ መርማሪ ልጅ በምን አፌ ልንገረው? የኢንሹራንሱ ውል በስምህ ነውና ይህን ደብዳቤ ብትሰጣቸው ያምኑ ይሆናል። አክስትህም ሰፈሩም ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። መስጠቱንም መቅደዱንም ላንተ ትቻለሁ። ብቻ መጀመሪያ አንተ እመነኝ።

«በቅርብ እመጣለሁ» ብለህ ግን ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። የማነጥፍልህ አልጋ የለኝም።

ያለህበትን ቤት ከእሳት ይጠብቅልህ። በርህን የሚያንኳኳ ሰው አያሳጣህ።

እናትህ

ሰማያዊው አንሶላህ ገመድ ላይ ስለነበር ተርፏል። ትናንት በአክስትህ ካውያ ተኮስኩት።