ሦስት ነጥብ ስምንት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ 2019

ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ። ወንዙ 112 ሳንቲሜትር፣ ጸጥ ያለ። ቢሮ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ምሳዬን ኮምፒውተሩ ፊት በላሁ፤ ባኒጻ የሚሉት የአይብ ቂጣ፣ የቀዘቀዘ።

ራሊፃ መጣች። አዲሷ አለቃችን... ሠላሳ ዓመት እንኳ የሞላት አይመስለኝም።

"ወይዘሮ ኔቬና፣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያችን የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ አሮጌው ፓይተን፣ ከጃኑዋሪ አንድ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ቢበላሽ የሚጠግነው አይኖርም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ወደ አዲሱ መቼ ነው የሚያሻግሩት?"

መቼ... ካሜንም በ2012 ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። ያኔ ሁለት ነበርን፤ ፕሮግራሙን አብረን ነው የጻፍነው። "አዲሱ ወጥቷል፣ እንሂድ" አለ። "ገና ነው፣ ይረጋጋ። ሌላው ይሞክረውና እናያለን" አልኩ። ሁለት ወር ተጨቃጨቅን። ከዚያ ቫርና ከተማ ሥራ አገኘና ሄደ። ሰባት ዓመት... አንድ ስልክ እንኳ አልተደዋወልንም።

ኦክቶበር 29

አዲሱ ቋንቋ የሚፈልገውን ቅንፍ ሁለት መቶ ሦስት ቦታ አስገባሁ። አሁን ደግሞ የመንደሮቹ ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ወጣ። ለማን ልንገር? ለማሞቂያው ነገርኩት።

ኖቬምበር 12

አሮጌውንና አዲሱን ፕሮግራም ጎን ለጎን በድሮ የወንዝ መዝገብ ላይ አስኬድኳቸው። በሁሉም ቀን አንድ ዓይነት መልስ፣ ከ2014ቱ ጎርፍ በስተቀር። አዲሱ ንጋት 11 ሰዓት ከ20 ላይ ደወለ። አሮጌው 12 ሰዓት ከ5 ላይ። አዲሱን አበላሽቼው ይሆን?

ኖቬምበር 13

አላበላሸሁትም።

ወንዙ በየአሥር ደቂቃው በአማካይ ከሦስት ሳንቲሜትር በላይ ከጨመረ ደውል... ያዘዝነው ይህን ነው። ያን ንጋት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ሦስት ጨመረ። ሃያ ሦስት ለስድስት። አዲሱ ሦስት ነጥብ ስምንት ይላል። አሮጌው ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ከነጥብ በኋላ ያለውን ይጥለዋል። ሦስት። ሦስት ደግሞ ከሦስት አይበልጥም። ዝም አለ። አራት እስኪሞላ ዝም አለ። አርባ አምስት ደቂቃ።

መስመሯን የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ከድልድዩ ማዶ የሚኖረው ፍየል አርቢው ስላቪ ሞተ። ፍየሎቹን ሊፈታ ምድር ቤት ገብቶ ውሃው ደረሰበት።

በ2012 ተሻግረን ቢሆን ኖሮስ?

ኖቬምበር 14

ለራሊፃ ነገርኳት። ፊቷ ነጣ።

"ማን ይጠይቅዎታል? አሁን ተስተካክሏል እኮ። ለምን ራስዎን ያሰቃያሉ?"

"አርባ አምስት ደቂቃ ነው፣ ልጄ።"

"ሪፖርት ይጻፍ ነው የሚሉኝ?"

"እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ።"

ከሰዓት ካሜን ጋ ደወልኩ። "ኔቬና? ምነው፣ ማን ሞተ?" አለ ደንግጦ። ነገርኩት።

"ያቺን መስመር እኔም መቶ ጊዜ አንብቤያታለሁ። 'እንሂድ' ያልኩሽ አዲስ ነገር ስለምወድ ነው እንጂ ይህን አውቄ አይደለም። ሁሉንም አንቺ ላይ አትጫኚው።"

ስልኩን ስዘጋ ቢሮው ከበፊቱ የባሰ ጭር አለ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 17

የስላቪ ሚስት ጋ ሄድኩ፣ እትዬ ጊና ጋ። ለክረምት የሚሆን ጥቅል ጎመን በጨው በርሜል ውስጥ እየደረደረች ነበር። ስለ ማካፈል ምን ብዬ ልንገራት? "ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ ነበር። የዘገየው በእኔ ስህተት ነው" አልኳት።

"ስንት ደቂቃ?"

"አርባ አምስት።"

እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ቀስ ብላ።

"ፍየሎቹ አምስት ነበሩ። ፈትቶ ለማውጣት አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።"

ክዳኑን አንስታ በርሜሉን ከደነች።

"አሁን ሂጂ" አለችኝ። ሄድኩ።

ዲሴምበር 31

አሮጌውን አጠፋሁት። ያየኝ ሰው የለም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ተራራው ላይ በረዶ ቀለጠ፣ ዝናብም ተጨመረበት። ቀን ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ደወሉ ጮኸ። አማካዩ ሦስት ነጥብ ሦስት። አሮጌው ቢሆን ይህን ጊዜ ዝም ብሎ ነበር። ለየመንደሩ ደወልኩ። የታችኛው ሰፈር ሰው ልጁንና ሻንጣውን ይዞ ሽቅብ ወጣ። ውሃው ስምንት ሰዓት ሲሆን ድልድዩ ላይ ፈሰሰ። ሰው አልጎደለም። ራሊፃ እዚያው ሄዳ ሰዉን ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ። የማላውቀው ቁጥር።

"ጊና ነኝ። ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነን፣ ሁላችንም።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

ነፋሱ ይሰማኛል፣ ሰው ይንጫጫል። ስልኩን የምትዘጋ መስሎኝ ነበር።

"አንቺስ... ብቻሽን ነሽ እዚያ?"

"ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ።"

"እህል ቀምሰሻል?"

ሰው እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ መቼ ነበር? "ገና ነኝ" አልኳት።

"ውሃው ሲጎድል ነይ" አለችና ዘጋችው።

ይቅር ብላኝ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እሄዳለሁ።