ያልተጣላን ሰዎች ስላስታረቁን

ለክቡር አቶ በላቸው
የዋርካ ሥር አረጋውያን መጦሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ክቡር ሆይ፣ ከጎነበስኩ ቀና ማለት እንደሚያቅተኝ እያወቅሁ እጅ ነሥቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልዎ፣ ዕድሜዎንም ያርዝምልዎ፤ እርጅናዎን ግን በሌላ ቤት ያድርግልዎ።

ደሴ ፒያሳ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ነዋሪዎቹ ወኪላቸው አድርገውኛል። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት ቀደም ሲል የላክሁልዎት ሦስት ዝግ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ዝግ ስለሆኑ ነው።

በቅድሚያ ምስጋና። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየሃይማኖቱ ተከብሮ እንዲኖር ብለው ባለፈው ወር መኝታ ክፍሎቻችንን ስለለያዩልን፣ ማለትም ስድስት ዓመት አልጋ ላልጋ ገጥመን ስንኖር ያልተጣላን ሰዎች ስላስታረቁን፣ ውለታዎ አለብን። አቤቱታችን ደግሞ የሚከተለው ነው።

፩ኛ. ማን የማን እንደሆነ የለዩት እኛን ጠይቀው ሳይሆን የስም መዝገብ አይተው ነው። ወሎ ውስጥ ሃይማኖትን በስም መለየት! ኧረ ለመሆኑ እርስዎ ያደጉት የት ነው? በዚህ ጥበብ መሠረት በቀን አምስቴ የሚሰግዱት ወይዘሮ አልጣሽ ክርስቲያኖች ክፍል ገቡ፤ በጋብቻ ክርስትና ተነሥተው እናታቸው ባወጡላቸው ስም የቀሩት ወይዘሮ ረሂማ ደግሞ ሙስሊሞች ክፍል ተመደቡ። ወይዘሮ አልጣሽ የክርስቲያን ሥጋ እየቀረበላቸው ደረቅ ዳቦ ሲበሉ ይውላሉ፤ ወይዘሮ ረሂማ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ጾማቸውን ይዘው የእስላም ሥጋ ይቀርብላቸዋል። ክብሩ በዛብን፣ ጌታዬ።

፪ኛ. ተሳስተዋል ብንልዎ፣ ሁለቱም ሃይማኖታቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከደሴ እንዲያመጡ አዘዙ። ሰማንያ የሞላቸው ሴቶች የሐረጎን ዳገት ወጥተው ፈጣሪያቸውን በማኅተም ያስመስክሩ ማለት ነው። ከግቢ ለመውጣት የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ደግሞ ሃይማኖታቸው ከመዝገቡ ጋር ሲመሳሰል ነው። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ!

፫ኛ. እዚህ ላይ ቀልዱ ይብቃኝ። ወይዘሮ አልጣሽ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ስኳራቸው ሲወርድ ወሬያቸው ይዘባረቃል፤ ያን ለይተው የሚያውቁት አጠገባቸው ይተኙ የነበሩት ወይዘሮ ረሂማ ብቻ ናቸው፤ ወዲያው ስኳር በጥብጠው ያጠጧቸው ነበር። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ መርፌያቸውን ተወግተው ሳይበሉ ባረፈዱበት፣ መዘባረቅ ሲጀምሩ በአዲሱ ክፍል ማንም አልገባውም፤ ዝም ሲሉ ደግሞ ተኙ ተባለ። በአምቡላንስ ሆስፒታል ደርሰው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ። ትናንት ሲመለሱ እዚያው ክፍል አስገቧቸው። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። በሚቀጥለው ላይተርፉ ይችላሉ።

የምንለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ የሁለቱን አልጋ እንደ ቀድሞው ጎን ለጎን ይመልሱልን። ነፍሳቸውን ለባለቤቱ ይተዉለት።

ለአስተዳደርዎ የሚገባውን አድናቆት ከቀረችኝ ትንፋሽ ላይ ቆርሼ እየላክሁ፣

ታዛዥዎና ተጧሪዎ
ሐጂ ፈንታሁን ሰይድ
የወንድ ክርስቲያኖች ክፍል፣ አልጋ ቁጥር 4

ጭማሪ፦ ይህን ፈርሜ ከወንበሬ ሳልነሳ ወይዘሮ ረሂማ ፍራሻቸውን ጎትተው ኮሪደሩ ላይ፣ ከወይዘሮ አልጣሽ በር ፊት ተኝተዋል። ዘበኛው ሊያስነሳቸው ቢመጣ የኮሪደሩ ሃይማኖት ምን እንደሆነ ጠየቁት፤ እርስዎን ሊጠይቅ ሄደ። እርስዎ መዝገቡን አይተው እስኪነግሩን ድረስ አይነሱም።