ያንተ ወንበርና የሶስና ጭንቅላት

ታዴ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ አንድ ሳምንት ቀረው። ደህና ነን እንዳልልህ ልጅህ ሶስና መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተኝታለች። ያስተኛት ደግሞ ያ የምትወደው ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ከተባለ።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ታክሲህ ሄዷል፤ ጋራዡ ግን ዛሬም የሶስና የሆኪ ጓንት ይሸታል። ከኦክላንድ ኤርፖርት ሳን ሆዜ ያደረስከው ያ ተሳፋሪ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ትርፍ ትኬት የሰጠህ ቀን ምነው ጎማህ በተነፈሰ! ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ከሳን ሊያንድሮ ልጄን እያመላለስክ በረዶ ላይ ጣልካት። ያኔም ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ፦ እግራቸው ላይ ስለት አስረው፣ በእጃቸው ዱላ ይዘው፣ ከግድግዳ ጋር እየተላተሙ፣ ሰው ሲጎዳ ደግሞ ይደነግጣሉ። በረዶ ላይ ይሰባበሩና ያበጠውን መልሰው በበረዶ ይይዛሉ። በገዛ ፈቃዳቸው እኮ ነው!

እኔንም ሳልወድ ነርስ አደረጋችሁኝ። ቁርጭምጭሚቷ ወለም ባለ ጊዜ በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ፣ በፋሻ አስሬ፣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅዬ ከረምኩ። የጓደኛዋ ጥርስ የወለቀ ቀን ደግሞ፣ ሥሩን ሳትነካ አንስተህ ለሻዬ ባመጣሁት ወተት ውስጥ ከተትከው። ጥርሱ ተመልሶ ሲተከል ዋንጫ የበላህ ይመስል ሳምንቱን ሙሉ ስትኩራራ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ የበረዶ ሜዳ ድርሽ አላልኩም።

ባለፈው ቅዳሜ አንዷ ተጋጣሚ ከኋላ ገፍትራት ጭንቅላቷ ከግድግዳው ተጋጨ። አሰልጣኟ ሄልሜቱን አገላብጦ አይቶ፣ አልተሰነጠቀም ብሎ ደስ አለው። ሄልሜት ቢሰነጠቅ ሌላ ይገዛል፣ ጭንቅላት ግን አይገዛም፤ ይህን የሚነግረው ሰው አጠገቡ አልነበረም። ቤት ስትመጣ አስመለሳት፤ መብራት ጠላች፤ የነገርኳትን መልሳ ትጠይቀኛለች። ይዣት ሐኪም ቤት ሮጥኩ። አንጎሏ ተናውጧል አሉኝ። መድኃኒቱ እረፍት ነው፤ ሕመሙ ሲለቃት ቀስ በቀስ ትንቀሳቀሳለች፤ ሐኪም ሳይፈቅድላት ግን በረዶ አትረግጥም። ሳይሻላት ሌላ ምት ካገኛት ለሕይወቷም ያሰጋል።

በማግስቱ ወንድምህ ግርማ፣ ወጌሻ ነኝ ባዩ፣ አንገቷን ሊያሽ ቅቤ ይዞ መጣ። የተናወጠ አንጎል በቅቤ! ለካ የቸኮለው ለሚመጣው ቅዳሜ ነው። የዋንጫው ጨዋታ ከሙት ዓመትህ ጋር ስለገጠመ፣ ከታክሲ ጓደኞችህ ጋር ፎቶህን ቲሸርት ላይ አሳትመዋል። "ለአባቷ ነው እኮ፤ ፕሮሚስ አድርጋለች፣ ትጫወት" ይለኛል። ከበር መለስኩት። ቅቤውን ግን አስቀርቼዋለሁ፤ ጥሩ ቅቤ ነው።

ከግርማ ይልቅ ያቃጠለችኝ ልጅህ ናት። "ማሚ፣ አይም ፋይን" ትለኛለች፣ ዓይኗን ከብርሃን እያሸሸች። ሕመሟን የምትደብቀው ለአንተ ብላ ነው። ይህን ሳውቅ በአንተም ተናደድኩ፤ ሞተህም እንኳ ልጄን በረዶ ላይ ትጠራታለህ ብዬ አለቀስኩ።

ኋላ ግን፣ ከጥርሱም ቀን በፊት፣ አገጯ የተቀደደ ቀን ትዝ አለኝ። ደሙን በንጹህ ፎጣ ጫን አድርገህ ይዘህ፣ ጨዋታው ሳያልቅ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ይዘሃት ወጣህ። አሰልጣኙ ተከትሎህ ሲጮህ ዞር ብለህም አላየኸው። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ነገርኳት፤ አባትሽ እንዲህ ነበር አልኳት። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ እቀራለሁ አለች። ግን ሜዳው ዳር ያለው የአባቢ ወንበር በሙት ዓመቱ ባዶ እንዳይሆን ብላ ለመነችኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ እህቴ ከእሷ ጋር ትውላለች፤ እኔ ጠዋት ጸሎትህን አድርሼ ሳን ሆዜ እወርዳለሁ። ጃኬትህን ደርቤ፣ በሩ አጠገብ ባለው ወንበርህ ላይ እቀመጣለሁ። ማን አገባ ብዬ አልጠይቅም፤ አላጨበጭብም። እሷ እስክትድን በየቅዳሜው እሄዳለሁ፤ ከዳነች በኋላም፣ ፎጣና ወተት ይዤ። እንደናቅኩት ነው፤ እንደናቅኩትም እሞታለሁ። አንተን እንዳልረሳ ግን፣ ይኸው፣ ታዴ፣ ሆኪ አያለሁ።

ያንተው አስቴር