ለማኅበር የታደለው ክኒን

ልጄ ኮከቤ፣ ቅዱስ ሚካኤል በሰው አገር በክንፉ ይከልልሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ አልነካውም፤ ጥቁሯ በግም መንታ ወልዳለች።

አባትሽ ግን ያው አባትሽ ናቸው። ከቤይሩት የላክሽላቸውን የደም ብዛት ክኒን በየቀኑ አንድ እንዲውጡ፣ ጨውና አረቄም እንዲተዉ የመሐል ሜዳው ሐኪም አስጠንቅቋቸው ነበር። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት የዋለ ዕለት ለአሥራ ሁለቱ ማኅበርተኞች ሦስት ሦስት ፍሬ አደሉት! ጠርሙሱ ባዶ ቀረ። ስጮህባቸው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉኝ። ያ ሁሉ ጢማም፣ የት እንደሚያመው እንኳ ሳያውቅ፣ የልጄን ላብ በጠላ አወራርዶ መርቆን ሄደ።

ወር ሳይሞላ የአባትሽ ግራ እጅ ዛለ፤ አፋቸውም ተጣመመ። እነዚያው ሊጠይቁ መጡ። ምን ይዘው መሰለሽ? አረቄ! አለቃቸው አያ ዳኜ ደግሞ «ዓይን በልቷቸው ነው» አለ። «ዓይኑን እንጃ፤ ክኒኑን የበላው አፍ ግን የእናንተ ነው» ብዬ ከነጠርሙሳቸው አስወጣኋቸው።

አሁን በከዘራ መራመድ ጀምረዋል። ሐኪሙ ግን ሕመሙ ሁለተኛ ከተመለሰ አይምርም ብሏል።

እግዜር እጅሽን አያሳጥረው፤ በደኅና ለአገርሽ ያብቃሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ሌላ ክኒን ስትልኪ «የበግ መድኃኒት» ብለሽ ጻፊበት፤ በየጠዋቱ እያወጣሁ የማስውጣቸው እኔ ነኝ። አባትሽ የበጋቸውን መድኃኒት ለገዛ ወንድማቸውም አይሰጡም።

እናትሽ ገበያነሽ