የእማዬ ድርሻ

እህት ዓለም፣

እንዴት ከርመሻል? የቶሮንቶ ብርድ ረገብ አለልሽ? ሳልሽስ ተወሽ? እኛ ደህና ነን ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። አለን፣ ብቻ አለን።

ስልክሽን የማላነሳው ሳልሰማው ቀርቼ አይደለም። አሁንም የጻፍኩልሽ በእማዬ ምክንያት ነው።

ያቺን ያደግንባትን ባሕር አልተወቻትም። ከመንደራችን ሰው በቀር የሚደርስባት የለም፣ ውሃዋም እንደ ድሮው ሳህን ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ጠላሁት እኮ! እንዲያ ረግቶ ሳየው በድንጋይ ልደበድበው ያምረኛል። ከድንጋዮቹ ወዲያ ድንገት እንደሚጠልቅ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ስቅለት ዕለት ባሕር የገባ ዓሣ ይሆናል የሚባለውን ካናዳ ኖረሽ ስትመለሺ ሳቅሽበት፤ ልጄን ኬሮንንም ይዘሽ ገባሽ። እማዬ ግን ኬሮን አልሰጠመም ትላለች። አስከሬኑ አልተገኘ፣ ማን ይከራከራታል? ዓሣ ሆኗል ብላ መረብ በተጎተተ ቁጥር ትወርዳለች። የመረቡን ገመድ የነካ ሁሉ ከዓሣው ድርሻ አለው አይደል፣ እሷም በዚያ አቅሟ ገመዱን ትይዝና ድርሻዋን ነፍሱ ሳትወጣ ትቀበላለች። ዓይን ዓይኑን ታየውና የኛ አይደለም ብላ መልሳ ትለቀዋለች። መጀመሪያ ሰዎቹ እማማ፣ ዛሬስ የማን ልጅ ነው እያሉ ያሾፉባት ነበር። አሁን የመረቡ ባለቤት ሆሊስ ራሱ ደህናውን መርጦ ያቆይላታል።

ቅዳሜ አብሬያት ወረድኩ። ሆሊስ መዳፍ የሚያክል ቀይ ዓሣ ሰጣት። አየችው፣ አየችውና አልለቀቀችውም። ወደ እኔ ዞራ፣

«እንኪ፣ ያንቺ ነው። ልቀቂው፣ ይሂድ» አለችኝ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር እንደማላምን ታውቂያለሽ። ውሃው እግሬ ሥር ነው፤ ጎንበስ ብዬ እጄን መክፈት ብቻ ነበር የቀረኝ። አልከፈትኩም፣ ጨበጥኩት። እጄ ውስጥ ይወራጫል፣ እማዬ ቀሚሴን እየጎተተች ትለምነኛለች፣ ሆሊስም ኧረ በእግዜር ልቀቂው ይለኛል። ጸጥ እስኪል ድረስ ይዤው ቆምኩ።

ከዚያ ወዲህ እማዬ አታናግረኝም። የምትወደውን የካላሉ ቅጠል ወጥ ሠርቼ ባቀርብላትም አልቀመሰችልኝም። ዛሬ ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የጠራችው ያንቺን ስም ነው።

በለቀስተኛው መሃል የልጄን እጅ ለቀቅሽው ብዬ የጮህኩብሽን አልረሳሁም። ይቅር ብዬሻለሁም አልልሽም፣ ገና አልሆነልኝም። ግን ነይ። ምናልባት ካንቺ እጅ ትጎርስ ይሆናል። በኔ እጅማ አየሽው። አንቺ ለቀቅሽው፣ እኔ አልለቅም አልኩ፤ ያው ሆነ።

እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ስትመጪ ግን ይዘሻቸው አትምጪ።

እህትሽ፣ የኬሮን እናት