ሰሎሞን በአራት ዓመቱ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። «ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን «የት እንዳለሁ ሳታውቂ እንዴት ይድረስህ ትያለሽ?» ብለህ በቀይ እስክሪብቶ እንደምታሰምርብኝ ስለማውቅ ተውኩት። የምጽፍልህ ጨንቆኝ ነው። የያዘኝን ነገር ከአንተ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሰፈራችን መንደራ ቆጪ አንተ የምታውቃት አይደለችም፤ ባጃጁ ከመብዛቱ የተነሳ ከበራችን ወጥቶ መንገድ መሻገር ራሱ ሥራ ሆኗል። አቮካዶህ አፍርቷል። ቅርንጫፉ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሃደ ነስሩ ግቢ ስላዘነበለ ፍሬው የሚወድቀው እዚያ ነው፤ እሳቸውም በሳህን ሞልተው ይመልሱልናል። እኔ እንደፈራኸው አስተማሪ ሆኛለሁ። እማዬ ደህና ናት። ጭንቄ ግን ከእሷው ጋር ነው።

የኋላውን ክፍል ተከራይታ የነበረችውን ነርስ ባለፈው ሳምንት አስለቀቀቻት። ግድግዳውን ኖራ ቀባች፤ አዲስ ፍራሽ አስገባች። ለሰሎሞን ነው። ልጇ ከሄደ አራት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ሲሞላው ይመጣል ብላለች፣ አለቀ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሃደ ነስሩ በበራችን ባለፉ ቁጥር «ረቢ ሃ ፊዱ፣ ኢንሻአላህ» ይላሉ፤ እግዜር ያምጣው ማለታቸው ነው። እማዬ አሜን ትላለች። እኔ ግን ወደ ጓዳ እገባለሁ። አራት ዓመት የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ፕላዝማው ክፍል ውስጥ የተተከለ ሰሞን ትዝ ይልሃል? «ሃያ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ የቴሌቪዥን ዘበኛ ሆንኩ» እያልክ ስንት ቀን አኮረፍክ! በእንግሊዝኛ የምትንበለበለዋ መምህርት የምትለውን በደብተር ትጽፍና፣ እሷ ስትጨርስ በቀረችህ አሥር ደቂቃ ለልጆቹ በአማርኛ ትደግምላቸው ነበር። ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ በዚያ ደብተር ነው ያወቅሁት። ከወንዝ ተወልዶ ባሕር ይገባል፤ ዕድሜው ሲደርስ ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል። ጅማ ላይ ማን አይቶት ያውቃል? እኛ የምናውቀው የጊቤን ቆሮሶ ነው። አንድ ቀን በሰኮሩ በኩል ስትመጣ ቆሮሶ ይዘህ ገባህ። እማዬ ዘይቱን አግላ ስትጠብቅ፣ አንተና ሰሎሞን ቅርፊቱን መስኮቱ ላይ ለጥፋችሁ በማጉያ መነጽር ቀለበቱን መቁጠር ያዛችሁ። የዓሣ ዕድሜ ቅርፊቱ ላይ ይነበባል አልከው። ሁለት ዓመቱ ነው አለ። ሦስት ነው ብለህ እንደገና አስቆጠርከው፤ ዘይቱም አረረ። ስህተት ሰምተህ ማለፍ አይሆንልህም ነበር። የዕድሩን ጸሐፊ እንኳ ለቅሶ ቤት ድረስ ሄደህ ፊደል አርመህበት፣ ስንት ወር ሰላም ነስቶህ ነበር!

ያው ሰሎሞን ነው ኋላ ኮሌጁን አቋርጦ በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ የተነሳው። «ከዚህ በር ከወጣህ አባት አለኝ እንዳትል» አልከው። ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስሙን አንድ ቀን አልጠራኸውም። እማዬ ስታነሳው ሬዲዮኑን ከፍ ታደርግ ነበር። በሕይወት ሳለህ አልደፈርኩም እንጂ ልክ አልነበርክም፣ አባዬ። አሁንም ሳስበው እናደድብሃለሁ።

እሱ በወጣ በስምንተኛው ወር ደም ግፊቱ ጣለህ። ግራ ጎንህ ዛለ፤ ምላስህም ከበደ። ሐኪሙ «የሚወደውን ነገር እየጠየቃችሁ አናግሩት» አለን። እኔም ደብተርህን ይዤ አስጠናሁህ፤ እኔ መምህር፣ አንተ ተማሪ። «አለቃዬ» አልከኝ፤ እንደ ክፍል አለቃ ስለምቆጣህ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሳልሞን በስንት ዓመቱ ይመለሳል ብዬ ጠየቅሁህ። ደብተርህ አንዳንዱ በሦስት፣ አንዳንዱ በአምስት፣ አብዛኛው ግን በአራት ይላል። አንተም ላብ እስኪያጠምቅህ ታግለህ «ሳልሞን በአራት ዓመቱ ወደተወለደበት ይመለሳል» አልክ። ምላስህ ተሳስሮ ነበርና ሳልሞኑ ሰሎሞን ሆኖ ወጣ።

እማዬ አጥሚት ይዛ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። እልል አለች። አጥሚቱ እግሯ ላይ ሲፈስ አላወቀችውም። ተንበርክካ ቀኝ እጅህን ያዘችና «ስሙን ጠራህልኝ! ይቅር አልክልኝ!» እያለች አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን አረፍክ። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ እንዴት በአራት ዓመቱ ይመለሳል ብሎ የጠየቃት የለም፤ ከሄደ በአራት ዓመቱ ብላ ራሷ ፈታችው።

ዓሣ ነው እማዬ ልላት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ልጇንም ይቅርታህንም በአንድ ቃል መንጠቅ ሆነብኝ። ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ አልጠየቅሁህም። ሳልሞን ከተመለሰ በኋላ ዘሩን ጥሎ እዚያው ይሞታል ይላል ደብተርህ። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ እኔ ግን ደብተሩን ቁም ሳጥን ሥር ደበቅሁት። ፈርቼ ነው። የተማርሽው ለዚህ ነው ወይ በለኝ።

ባለፈው እሑድ ሰሎሞን ከደቡብ አፍሪካ ደወለ። ከእማዬ ጋር ሲጨርስ እኔን አስጠራኝ። «አንቺ እዚያው ነበርሽ» አለኝ። «እማዬ ራሷን ለማጽናናት የምትለው ከሆነ ንገሪኝ። እውነት አባዬ ስሜን ጠርቷል? ከጠራኝ ሱቁን ለጓደኛዬ ትቼ እመጣለሁ። ካልጠራኝ ግን በምን ዓይኔ መቃብሩን አያለሁ?» በሚቀጥለው እሑድ እነግርሃለሁ አልኩት። ነገ እሑድ ነው።

እውነቱን ብነግረው አይመጣም፤ እማዬም በዚያ ኖራ በተቀባ ክፍል ውስጥ ስትጠብቀው ትቀመጣለች። ብዋሸው ደግሞ የአንተ ልጅ አይደለሁም። ዛሬ ጠዋት ደብተሩን ከተደበቀበት አውጥቼ ያን ገጽ ሳየው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያ ሰሞን አንድ ቃል ባሳስት ራስህን ግራና ቀኝ እያወዛወዝክ፣ በቀኝ እጅህ ፍራሹን እየመታህ ታርመኝ ነበር። እማዬ ያን ሁሉ ስትል ሰምተሃታል፤ ዓይን ዓይኗን ታያት ነበር። ራስህን አላወዛወዝክም። እጅህንም ከእጇ አላወጣህም። እኔ ላርማት አፌን ስከፍት ዞረህ አየኸኝ፤ እኔም ደብተሩን ዘጋሁት።

ነገ ለሰሎሞን ሁሉንም እነግረዋለሁ፤ ዓሣውንም፣ ደብተሩንም፣ አጥሚቱንም። ከዚያ፣ ስህተት ሰምቶ የማያልፈው አባትህ ያን ቀን ሰምቶ አለፈ እለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ መምጣቱን እሱ ያውቃል። እማዬን ግን አላርማትም፤ አንተ ያላረምካትን እኔ ማን ነኝና?

አልረሳህም፣ አባዬ። ያን እጅህን እማዬ እጅ ውስጥ ዝም ብለህ እንደተውከው፣ እስክሞት የማስታውስህ እንደዚያ ነው።

አለቃህ